ሊጠየቅ ያልቻለው ሰው፦ የናሙና ዝንፈትን በመተማ ቆላ ምሳሌዎች ማስተማር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዳሰሳ ጥናትና በናሙና አወሳሰድ ውስጥ የሚገባውን ዝንፈት እንዴት ሊለዩ እንደሚችሉ ይመረምራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከመተማና ከአካባቢው የምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች የተወሰዱ ሲሆን፣ በተለይ ለእርሻ ሥራ በየዓመቱ የሚወርዱት ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኞች በቤት ለቤት ጥናት ውስጥ ያላቸው ቦታ ይታያል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፤ ተማሪው አንድን አኃዝ ባየ ጊዜ «ስንት ሰው ተጠየቀ?» ከማለቱ በፊት «ሊጠየቅ የማይችለው ማን ነበር?» ማለትን ሊለምድ ይገባል። በመጨረሻም በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠራ የሚችል የካርድ ልምምድ ቀርቧል።

1. መግቢያ

ክረምቱ ገብቶ ሰሊጡ ለአረም ሲደርስ ከደጋውና ከወይና ደጋው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው። አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው። በሰፋፊዎቹ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ወይም በሜዳ ላይ ያድራል፤ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ከተራገፈ፣ ማሽላውም ከተሰበሰበ በኋላ ወደ መጣበት ይመለሳል። በእነዚህ ወራት የቆላው ሕዝብ ቁጥር በእጅጉ ይጨምራል፤ በበጋ ደግሞ መልሶ ይቀንሳል።

አሁን አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ እናንሣ። «በወረዳው ከሚገኘው ሕዝብ ውስጥ ምን ያህሉ ሌሊት አጎበር ይጠቀማል?» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ጥናቱ የሚካሄደው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ መረጃ ሰብሳቢው የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነና «የወረዳው ሕዝብ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ማን እንደሚካተት በመወሰን ይለያያል። የመልሱ ልዩነት ተራ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። አጎበር፣ መድኃኒትና የጤና ባለሙያ የሚመደቡት በእንዲህ ያለ አኃዝ ላይ ተመሥርተው ነው። በአኃዙ ውስጥ የሌለ ሰው በድልድሉም ውስጥ አይኖርም።

በትምህርት ቤቶቻችን ስታትስቲክስ ሲሰጥ ትኩረቱ በአብዛኛው ስሌት ነው። ተማሪው አማካይ ያወጣል፣ መካከለኛውን ዋጋ ይለያል፣ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ቁጥሮቹ ግን ተዘጋጅተው ይቀርቡለታል፤ ከየት እንደመጡ እንዲጠይቅ የሚገደድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንን ክፍተት ነው።

2. ስለ ቃሉ

በአማርኛ «አድልዎ» ስንል ሆን ብሎ አንዱን መጥቀምና ሌላውን መጉዳት ይታሰበናል። ስለዚህ ተማሪው «ይህ ጥናት አድልዎ አለበት» ሲባል የሚፈልገው ያዳላውን ሰው ነው። በናሙና ትምህርት ውስጥ ግን አብዛኛው ችግር የሚመጣው ቅን በሆኑና በሚገባ በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዝንፈት» የሚለው ቃል የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ጥናቱ በተደጋገመ ቁጥር ውጤቱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ስህተት ማለት ነው።

ዝንፈት ከአጋጣሚ ስህተት ይለያል። ልዩነቱን በሚዛን ማስረዳት ይቻላል። አንድ ነጋዴ ሰሊጥ በሚመዝንበት ጊዜ እጁ እየተንቀጠቀጠ አንዴ ጥቂት ቢያበዛ፣ አንዴ ጥቂት ቢያጎድል፣ ደጋግሞ ሲመዝን ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሚዛኑ ራሱ ባዶውን ሁለት ኪሎ የሚያሳይ ከሆነ ግን መቶ ጊዜ መመዘን ምንም አይፈይድም። የመጀመሪያው የአጋጣሚ ስህተት ነው፤ ናሙናው ሲበዛ ይቀንሳል። ሁለተኛው ዝንፈት ነው፤ ናሙናው ቢበዛም ባለበት ይጸናል።

3. ዝንፈት የሚገባባቸው አራት መንገዶች

3.1 የማዕቀፍ ዝንፈት

የናሙና ማዕቀፍ ማለት ዕጣ የሚወጣበት ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ወይም ቤቱ ያልተመዘገበ ሰው የመመረጥ ዕድሉ ዜሮ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለዚህ ጥሩ የማስተማሪያ ምሳሌ ይሆናል። ማዕቀፉ በ1999 ዓ.ም. ለተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተዘጋጀው የ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነበር። ከዚህ ውስጥ 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ተመረጡ፤ በተመረጡት ውስጥ ቤቶች እንደ አዲስ ተመዘገቡ፤ ከተመዘገቡትም 16,650 ቤተሰቦች ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። ዘዴው ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። መሠረቱ ግን ቤተሰብ ነው። ለቃለ መጠይቅ ብቁ የሚሆነው የቤቱ ቋሚ ነዋሪ፣ ወይም ከጥናቱ በፊት በነበረው ሌሊት በዚያ ቤት ያደረ እንግዳ ነው። በእርሻ ዳር ዳስ ውስጥ ያደረው ሠራተኛ ግን በቆላው የቤቶች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ በደጋው የወላጆቹ ቤት ሲመዘገብም እርሱ በቦታው የለም።

ይህ ማለት ጥናቱ ስህተት ነው ማለት እንዳልሆነ ለተማሪው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ጥናቱ የታቀደው አገሪቱንና ክልሎቿን እንዲወክል ነው፤ ለዚያ ዓላማ አገልግሏል። ችግሩ የሚፈጠረው አንድ አንባቢ ከዚህ ጥናት የተገኘን የክልል አኃዝ ወስዶ በአረም ወራት በቆላው ስለሚገኘው ሕዝብ ሲናገርበት ነው።

3.2 የጊዜ ዝንፈት

የዚሁ ጥናት የመስክ ሥራ የተካሄደው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛው ጥናት ደግሞ ከመጋቢት 12 እስከ ሰኔ 21 ተካሂዷል። ለመስክ ሥራ ይህ ጊዜ የሚመረጥበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ መኪና አይገባም። ነገር ግን የሰሊጡ አረም በክረምት፣ አጨዳውም በመጸው ነው። ስለዚህ ለመረጃ ሰብሳቢው መንገዱ የሚመቸው ቆላው አብዛኛውን እንግዳ ሠራተኛውን በሸኘበት ወራት ነው። ተማሪው እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባው ለሥራ ምቹ መሆን ራሱ የዝንፈት ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ነው።

3.3 የዝምታ ዝንፈት

ሦስተኛው መንገድ ከተመረጡት ሰዎች መካከል የማይገኙ ወይም የማይመልሱ ሲኖሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከተገኙት ቤተሰቦች 98 በመቶዎቹ መልስ ሰጥተዋል። ብቁ ሆነው ከተለዩት 14,795 ወንዶች መካከል ግን ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው 12,688 ናቸው፤ ይህም 86 በመቶ ገደማ ነው። ብቁ ከሆኑት ሴቶች የመለሱት 95 በመቶ ገደማ ነበሩ።

መምህሩ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። «ያልተገኙት ወንዶች በምን ይለያሉ?» በአጋጣሚ የቀሩ ቢሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለሥራ ከቤት የራቁ ቢሆኑ ግን የእነርሱ መቅረት ከሚጠናው ነገር ጋር የተያያዘ ነው፤ ምክንያቱም በተለይ ስለ ወባ፣ ስለ ካላዛርና ስለ ኤች አይ ቪ ሲጠየቅ ከቤት ርቆ መሥራት ራሱ የተጋላጭነት አንዱ ምክንያት ነው። ደግሞም 98 በመቶ የሚለው ከፍተኛ አኃዝ ስለ ማዕቀፉ ምንም አይነግረንም። በዝርዝሩ ውስጥ ያልነበረ ሰው «አልመለሰም» ተብሎ እንኳ አይቆጠርም።

3.4 የጥያቄና የጠያቂ ዝንፈት

አራተኛው መንገድ ትክክለኛው ሰው ተገኝቶ የተዛባ መልስ ሲሰጥ ነው። «የመንግሥትን ምክር ተቀብለው አጎበር ይጠቀማሉ?» የሚል ጥያቄ መልሱን ራሱ ይዞ መጥቷል። «ትናንት ሌሊት የት አደሩ? በአጎበር ውስጥ ነበሩ?» የሚለው ግን ድርጊትን፣ ያውም የቅርብ ድርጊትን ይጠይቃል። ሠራተኛው አሠሪው ወይም የአሠሪው ተቆጣጣሪ በቆመበት ስለ ምግቡና ስለ ማደሪያው ቢጠየቅ «ደህና ነው» ማለቱ አይቀርም። በድንበር ከተማም ከሱዳን ስለሚገባና ስለሚወጣ ዕቃ የሚጠይቅ መጠይቅ፣ ጠያቂው የጉምሩክ ሰው ይሁን አይሁን ያልተረጋገጠለትን ነጋዴ ያስፈራዋል። ይህ በውሸታምነት የሚገለጽ አይደለም፤ መላሹ መልሱ የሚያስከትልበትን ነገር አስቦ ነው የሚናገረው።

4. በሆስፒታል በር የሚታየው ሕዝብ

ተማሪዎች በቀላሉ የሚስቱት አንድ የናሙና ዓይነት በጤና ተቋም መዝገብ ላይ የተመሠረተው ነው። መተማና ሑመራ በኢትዮጵያ ካላዛር በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ ካልታከመም ይገድላል። በቆላው የሕክምና ተቋማት መዝገብ ላይ የሚታዩት ታማሚዎች በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «ካላዛር የወንዶች በሽታ ነው» ማለት ይቻላልን?

መልሱ ከሁለት ነገሮች መለየት አለበት። በአንድ በኩል ወደ ቆላ እርሻ የሚወርዱት በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ ለዝንቡ የሚጋለጡትም እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል ወደ ሕክምና ለመድረስ ገንዘብ፣ ጊዜና መንገድ ያስፈልጋል፤ በመዝገቡ ላይ የምናየው ታሞ የደረሰውን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በሽታው ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። በመኸር ተነክሶ ወደ ደጋ የተመለሰ ሠራተኛ የሚታመመው በአገሩ ነው። መዝገቡ የታመመበትን ቦታ እንጂ የተነከሰበትን ቦታ አያሳይም።

በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የተከሰተው ይህንን በግልጽ ያስተምራል። ከቆላው ርቆ በሚገኘው በዚህ አካባቢ ካላዛር አይታወቅም ነበር። ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች ሲበዙ በመጀመሪያ የታሰበው ወባ ነው፤ የወባ መድኃኒት አልበገራቸው ሲልም ወባው መድኃኒቱን ተላምዷል የሚል ጥርጣሬ መጣ። በሽታው ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም. ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ሞቷል። ታማሚዎቹም ሴቶችንና ሕፃናትን ይጨምሩ ነበር። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች በሽታውን ወደ አካባቢው ሳያመጡት እንዳልቀሩ ተመራማሪዎች ገልጸዋል።

ለናሙና ትምህርት ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር እንዲህ ነው። «በዚህ ወረዳ ካላዛር የለም» የሚለው አኃዝ «በዚህ ወረዳ ካላዛር አልተፈለገም» ከሚለው ሊለይ አይችልም ነበር። በዳሰሳ ጥናት ውስጥ ዜሮ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተፈልጎ ነውን?» መሆን አለበት።

5. የናሙናው መብዛት ለምን አያድንም?

የሚከተለው ስሌት ለማስተማር ብቻ የተፈጠረ ነው፤ የየትኛውም ወረዳ እውነተኛ አኃዝ አይደለም።

በአንድ ወረዳ በአረም ወራት 100,000 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ 60,000ዎቹ ቋሚ ነዋሪዎች፣ 40,000ዎቹ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። ከነዋሪዎቹ 70 በመቶ፣ ከሠራተኞቹ 10 በመቶ አጎበር ይጠቀማሉ። እውነተኛው ድርሻ እንዲህ ይሰላል፦ 42,000 ነዋሪዎችና 4,000 ሠራተኞች ሲደመሩ 46,000፣ ማለትም 46 በመቶ።

አንድ ጥናት በቤት ለቤት ዝርዝር ብቻ 400 ሰዎችን በዕጣ መረጠ። የሚጠበቀው ውጤት 70 በመቶ ነው፤ በ95 በመቶ መተማመኛ የስህተት ወሰኑ ወደ 4.5 ነጥብ ይጠጋል። አጥኚው «ወሰኑ ሰፋ» ብሎ ናሙናውን ወደ 4,000 ቢያሳድግ ውጤቱ አሁንም 70 በመቶ ሲሆን ወሰኑ ወደ 1.4 ነጥብ ይጠባል። በዚህ ጊዜ ጥናቱ ከ68.6 እስከ 71.4 በመቶ ይላል፤ እውነቱ ግን 46 ላይ ነው። ናሙናው አሥር እጥፍ ሲያድግ ወደ እውነቱ አንድ ስንዝር አልቀረበም። ያደገው የአጥኚው እርግጠኝነት ብቻ ነው።

ሌላ አጥኚ ሕዝቡን በሁለት ክፍል ለየ፤ ከነዋሪዎች 240፣ ከእርሻ ካምፖች 160፣ በድምሩ 400 ሰዎችን በዕጣ መረጠ። የሚጠበቀው ውጤት 46 በመቶ፣ ወሰኑም ወደ 4 ነጥብ ነው። በትክክለኛ ማዕቀፍ የተመረጡ 400 ሰዎች በጎደለ ማዕቀፍ ከተመረጡ 4,000 ይበልጣሉ።

ታሪክም ይህን ይመሰክራል። በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ፤ 2.4 ሚሊዮን ያህሉ መለሱ። መጽሔቱ አልፍ ላንደን እንደሚያሸንፉ ተነበየ፤ ያሸነፉት ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሲሆኑ ያገኙት ድምፅ ከ60 በመቶ በላይ ነበር። ስሞቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ከሌላው ይለይ ነበር። በዚያ ላይ ካርዱን የመለሱትና ያልመለሱት በምርጫቸው አንድ አልነበሩም። የማዕቀፍና የዝምታ ዝንፈት ተደጋግፈው 2.4 ሚሊዮን መልስን ከንቱ አደረጉ።

6. ለክፍል የሚሆን ልምምድ

ዝንፈትን ለማስተማር ተማሪዎችን ወደ እርሻ ካምፕ ወይም ወደ ድንበር መላክ አያስፈልግም፤ ለደኅንነታቸውም አይመከርም። አንድ መቶ ቁራጭ ወረቀትና አንድ ከረጢት ይበቃል።

መምህሩ 60 ነጭ ካርዶችን ያዘጋጅና በ42ቱ ላይ ምልክት ያድርግ። ነጮቹ ነዋሪዎች፣ ምልክቱም አጎበር መጠቀም ነው። ቀጥሎ 40 ቢጫ ካርዶችን ያዘጋጅና በ4ቱ ላይ ምልክት ያድርግ፤ እነዚህ ወቅታዊ ሠራተኞች ናቸው። ተማሪዎቹ የካርዶቹን ቁጥር አስቀድመው አይወቁ።

በመጀመሪያው ዙር ከረጢቱ ውስጥ ነጮቹ ብቻ ይግቡ። እያንዳንዱ ቡድን ሳያይ 20 ካርድ ያውጣ፣ ምልክት ያለባቸውን ይቁጠር፣ ካርዶቹን ይመልስ። የቡድኖቹ ውጤት በ14 ዙሪያ ይለዋወጣል። መምህሩ ውጤቶቹን በሰሌዳው ላይ ይጻፍና «የወረዳው ድርሻ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቡድኖቹ ተቀራራቢ ቁጥር ስላገኙ ተማሪዎቹ በልበ ሙሉነት 70 በመቶ ገደማ ይላሉ።

በሁለተኛው ዙር ቢጫዎቹ ይጨመሩ፣ ካርዶቹም በደንብ ይደባለቁ። አሁን ውጤቶቹ በ9 ዙሪያ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ መምህሩ የሚያነሣው ጥያቄ የትምህርቱ እምብርት ነው፦ «በመጀመሪያው ዙር ውጤታችሁ መሳሳቱን ከቁጥሮቹ ብቻ ማወቅ ትችሉ ነበር?» አይችሉም ነበር። የቡድኖቹ መስማማት ስለ እውነቱ ማረጋገጫ አልነበረም፤ ሁሉም የቀዱት ከአንድ የጎደለ ከረጢት ነውና። ዝንፈት የሚታወቀው ከረጢቱ እንዴት እንደተሞላ በመጠየቅ ነው።

ከልምምዱ በኋላ ተማሪዎች ማንኛውንም የዳሰሳ ውጤት በሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ሊፈትኑ ይችላሉ።

አንደኛ፣ አኃዙ የሚናገረው ስለ የትኛው ሕዝብ ነው?
ሁለተኛ፣ ዕጣው የወጣው ከየትኛው ዝርዝር ነው? በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ የማይችለውስ ማን ነው?
ሦስተኛ፣ ጥናቱ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ተካሄደ?
አራተኛ፣ ተመርጠው ያልመለሱት ከመለሱት በምን ይለያሉ?
አምስተኛ፣ ጥያቄው እንዴት ተነገረ? ሲጠየቅ ማን ይሰማ ነበር?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተማሪው «ዝንፈት አለ» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። አኃዙን ከእውነቱ ከፍ ያደርገዋል ወይስ ዝቅ የሚለውንም ከነምክንያቱ መናገር አለበት። በምሳሌአችን ሠራተኞቹ ሲቀሩ የአጎበር አጠቃቀም ከፍ ብሎ ታየ፤ የካላዛር ሥርጭት ቢጠና ኖሮ ዝቅ ብሎ በታየ ነበር። አቅጣጫውን መናገር ያልቻለ ተማሪ ስሙን እንጂ ነገሩን ገና አላወቀውም።

7. ማጠቃለያ

በመተማ ቆላ የተመለከትናቸው ምሳሌዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በማዕቀፉ ያልገባው፣ በወቅቱ ያልነበረው፣ ሲፈለግ ያልተገኘውና ደፍሮ ያልተናገረው በአብዛኛው ያው አንድ ሰው ነው፤ ድሃ፣ ወጣት፣ ከቤቱ የራቀ ሠራተኛ። ዝንፈቶቹ በአንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ። ለጥናት በጣም የሚያስቸግረው ሰው በሽታው በጣም የሚያሰጋው ሰው ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ለአጥኚዎች የታወቀ ነው። የሥራው ወቅት ተጠብቆ የሚደረግ ተጨማሪ ዳሰሳ፣ የእርሻ ካምፖችን ዝርዝር የያዘ የተለየ ማዕቀፍ፣ በአሠሪ ፊት የማይደረግ ቃለ መጠይቅ፣ በጤና ተቋም መዝገብ ላይ የታማሚውን አድራሻ ብቻ ሳይሆን ባለፉት ወራት የሠራበትንም ቦታ መጻፍ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብና ድካም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ አንባቢው ካልጠየቀ አይሠሩም።

ጠያቂ አንባቢ የሚፈጠረው ደግሞ በትምህርት ቤት ነው። በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ የሚማር ተማሪ በክረምት የከተማው መናኸሪያ በማን እንደሚሞላ፣ በበጋም ማን እንደሚጎድል በዓይኑ ያያል። ስለ ወረዳው የወጣ አኃዝ ሲያነብ እነዚያ ሰዎች በቁጥሩ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ለመጠየቅ ከማንም የተሻለ ዕውቀት አለው። የመምህሩ ሥራ ይህ ዕውቀት ስታትስቲክስ መሆኑን ማሳየት ነው።